አንድ ቆርቆሮ፣ አምስት መቶ ፍሬ

አራት የአየር ጠመንጃ ጥይት ዒላማው ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ይገባል። አምስተኛው የጣት ስፋት ያህል ይርቅና ብቻውን ይቀመጣል። ተኳሹ መጀመሪያ ራሱን ይጠረጥራል፤ ምላጩን ገጭ አድርጌው ይሆን? ቀጥሎ ነፋሱን፣ ከዚያ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ብሎን። ሁሉም ሊሆን ስለሚችል ሁሉንም ማጣራት ተገቢ ነው። ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ተደላድሎ፣ ቅጠል ሳይነቃነቅ፣ ብሎኑም ጠብቆ እያለ አፈንጋጩ በየአምስቱ ወይም በየስምንቱ የሚመላለስ ከሆነ ግን መመርመር ያለበት ጥይቱ የመጣበት ቆርቆሮ ነው። እዚያ ውስጥ ያሉት 500 ፍሬዎች ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፤ ሲለኩ ግን አይደሉም።

ይህ ጽሑፍ ስለ 4.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ፔሌት፣ ማለትም በአየር ጠመንጃ ስለሚተኮሰው ትንሽ ጥይት ነው። የ5.5ቱም አመል ያው ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ይለያል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር፦ የአየር ጠመንጃ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ጠመንጃ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ በቀልድ የሚያዝ አይደለም። ስለዚህ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ለገጣፎ ወይም ወደ ሰበታ ሜዳ ከመውጣት በፊት የአካባቢውን ፖሊስ ጠይቆ የሚያስፈልገውን ፈቃድ መያዝ፣ የመሬቱን ባለቤትም ማስፈቀድ ከተኩሱ የሚቀድም ሥራ ነው።

ፔሌት መልቀም የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ሚዛን ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሚዛን ቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥርም ልብን ያሳርፋል። ሆኖም ሚዛን የሚነግረን ለመለካት የሚቀለውን ነገር ነው። ጥይትን ከመንገዱ በብዛት የሚያስወጣው ጉድለት ሚዛን ላይ ጨርሶ አይታይም፤ ሁለት ፔሌቶች እስከ ሺህኛ ግራም ድረስ እኩል መዝነው፣ አንዱ ዒላማውን ሊመታ፣ ሌላው ሊስት ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ከቅርጹ መነሳት ይሻላል።

ፔሌት ራስ፣ ወገብና ቀሚስ አለው። ራሱ በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ባሉት ጠመዝማዛ ቦዮች መካከል ከፍ ብለው በሚቀሩት ጠርዞች ላይ ተደግፎ ይጓዛል፤ መሐሉን ይዞ እንዲሄድ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀሚሱ ውስጡ ባዶ፣ ግድግዳው ስስ ነው። ከኋላ የሚገፋው አየር ያሰፋውና ከቱቦው ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል፤ አየር እንዳያመልጥ የሚዘጋው፣ ቦዮቹን ነክሶ ፔሌቱን የሚያሽከረክረውም በዋናነት ቀሚሱ ነው። ወገቡ የቀጠነው ከቱቦው ጋር የሚፋተገው አካል እንዲያንስና ክብደቱ ወደ ፊት እንዲያደላ ነው። ክብደት ከፊት፣ አየር የሚይዘው ሰፊ ቀሚስ ከኋላ በመሆኑ ፔሌት ከሽክርክሪቱ በተጨማሪ ላባ እንዳለው ቀስት ራሱን ያቀናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእርሳስ ሽቦ ከጥቅሉ እየተለቀቀ በእኩል ርዝመት ይቆረጣል። ቁራጩ ሳይቀልጥ፣ እንደ ቀዘቀዘ፣ የብረታ ብረት ሠራተኞች ዳይ በሚሉት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በከባድ ግፊት ይታተማል። ከፊት ራሱ ይወጣለታል፤ ከኋላ ደግሞ ሌላ ሹል ብረት ገብቶ ቀሚሱን ይጎደጉዳል። ከዚያ ይጸዳል፣ በቅባት ወይም በግራፋይት ይታሻል፣ ይፈተሻል፣ ይታሸጋል። በየደረጃው የሚሳተው ነገር የተለያየ ነው። ሽቦው ትንሽ ከወፈረ ወይም መቁረጫው ትንሽ ካረዘመ ክብደቱ ይለያል። ዳዩ በሥራ ብዛት ከተበላ ጉድጓዱ ይሰፋና የራሱ ስፋት ከ4.50 ወደ 4.51፣ ወደ 4.52 ይሸሻል። በዳዩ ውስጥ ቅባት ከተጠራቀመ እርሳሱ ጥጉን ሳይሞላ ይቀራል። የዳዩ ሁለት ግማሾች በደንብ ካልገጠሙ በመገጣጠሚያው ላይ ስስ የእርሳስ ክንፍ ይወጣል። እርሳስ በጥፍር የሚጫር ለስላሳ ብረት ስለሆነ ፍሬዎቹ ከማሽኑ ወደ ማጠራቀሚያው ሲወድቁ ብቻ ቀሚሳቸው ሊጎብጥ ይችላል።

ቀሚሱን የሚጎደጉደው ብረት መሐሉን ከሳተስ? ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የቀሚሱ አንዱ ግድግዳ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይሆናል። ክብደቱ አይለወጥም፤ እርሳሱ ያው ነው፣ ቦታውን ብቻ ቀየረ። ከውጭ ሲያዩትም ክብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀላቀሉ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንድ ዳይ ሁልጊዜ 4.52 የሚያወጣ ከሆነ፣ ወይም ሁልጊዜ በ0.01 ግራም የሚያከብድ ከሆነ፣ ጉዳት የለውም፤ መነጽሩን አስተካክሎ መተኮስ ነው። ችግር የሚመጣው ከብዙ ዳዮች የወጣው ምርት አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ሲቀላቀል ነው። የቀሚስ መሐል መሳት ግን በዚህ አይዳኝም። 500ውም ፍሬዎች በአንድ ልክ ቢሳቱ እንኳ አይጠቅመንም፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ፔሌትን ወፍራሙ ጎን ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ አያጎርስም። አንዱ ወደ ቀኝ ከብዶ ይገባል፣ ቀጣዩ ወደ ታች፣ ቀጣዩ ወደ ግራ። ፋብሪካው ወጥ የሆነ ስህተት ቢሠራም፣ ስህተቱ ጠመንጃው ውስጥ ሲደርስ ወጥነቱን ያጣል።

ጉዳቱን ለመረዳት ወንጭፍን ማሰብ ይበቃል። ማሳ የሚጠብቅ ልጅ ድንጋዩን ያሽከረክረውና ጫፉን ሲለቅ፣ ድንጋዩ በዚያች ቅጽበት ወደሚሄድበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ፔሌትም በቱቦው ውስጥ እያለ የግድ በቅርጹ መሐል ይሽከረከራል፤ ቱቦው ሌላ ምርጫ አይሰጠውም። የክብደቱ መሐል ከቅርጹ መሐል ትንሽ ከራቀ ግን ያ የክብደት መሐል በየዙሩ ትንሽ ክብ እየሠራ ነው። አፈሙዙን ሲያልፍ የሚይዘው የለም፤ ወንጭፉ ተለቀቀ ማለት ነው። ወደ ጎን ባለው ፍጥነት ይሄዳል።

ልኩን በእጅ ማስላት ይቻላል። በብዙ የአየር ጠመንጃ ቱቦዎች ጥምዙ በ450 ሚሊ ሜትር አንድ ሙሉ ዙር ነው። የክብደቱ መሐል በ0.02 ሚሊ ሜትር ቢስት፣ በአንድ ዙር የሚሠራው ክብ 0.02 በ6.28 ሲባዛ 0.126 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያንን ለ450 ማካፈል ነው፤ በእያንዳንዱ ሜትር ጉዞ 0.28 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ማለት ነው። በ10 ሜትር 2.8 ሚሊ ሜትር፣ በ25 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር፣ በ50 ሜትር 14 ሚሊ ሜትር። አቅጣጫው እንደ አጎራረሱ ስለሆነ በ25 ሜትር ላይ ቀዳዳዎቹ የሚበተኑበት ክብ ስፋት 14 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የጥይቱ ፍጥነት በስሌቱ ውስጥ አለመኖሩን ልብ በሉ። ጠመንጃውን ማጠንከር ይህን ጉድለት አያስተካክለውም።

በ0.02 ሚሊ ሜትር መሳት ደግሞ ብዙ አይደለም። የቀሚሱ ጉድጓድ 20 ሚሊ ሜትር ኩብ ያህል ቢሆን፣ የእርሳስ እፍጋት በሚሊ ሜትር ኩብ 11.34 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ከዚያ የጎደለው እርሳስ ወደ 0.23 ግራም ነው። 0.55 ግራም በሚመዝን ፔሌት ላይ ይህ ጉድጓድ በ0.05 ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ጎን ቢሸሽ፣ የክብደቱ መሐል በ0.02 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። 0.05 ሚሊ ሜትር የአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። በ10 ሜትር የኦሎምፒክ ዒላማ ላይ 10 ቁጥር 0.5 ሚሊ ሜትር ነጥብ ብቻ ናት፤ ጥይቱ ጫፏን ከነካ 10 ይቆጠራል፣ ስለዚህ የጥይቱ መሐል ከዒላማው መሐል እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ድረስ ቢርቅ ይፈቀድለታል። ፍጹም አነጣጥሮ የተኮሰ ሰው በዚያች ፀጉር ምክንያት 2.8 ሚሊ ሜትር ይሸሽና 9 ያገኛል። በስፖርቱ ላይ ያሉ ተኳሾች አንድ የሚስማማቸው የምርት ተራ ቁጥር ሲያገኙ በብዛት የሚያከማቹት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ክብደቱን እንይ። 0.55 ግራም ፔሌት በሰከንድ 240 ሜትር ሲወጣ 16 ጁል ገደማ ኃይል አለው። አንዱ ፍሬ ከሌላው በ0.007 ግራም ቢከብድ ልዩነቱ 1.3 በመቶ ገደማ ነው። ጠመንጃው የሚሰጠው ኃይል ያው ስለሆነ ከባዱ በዝግታ ይሄዳል፤ የሚወርደውም በዚያው ልክ፣ በ1.3 በመቶ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ጥይት በ25 ሜትር ላይ ከአፈሙዙ መስመር ወደ 60 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ የዚያ 1.3 በመቶ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያም ወደ ታች ብቻ። 7 ሚሊ ሜትርን ከ0.8 ጋር ማወዳደር ነው። በ50 ሜትር የክብደቱ ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር አለፍ ስለሚል ችላ አይባልም፤ በ10 ሜትር ግን ሚዛን ፊት ማምሸት ድካም ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ በምን ቅደም ተከተል ይለቀም? የመጀመሪያው መልቀሚያ ዓይን ነው። ምስር የሚለቅም ሰው እያንዳንዱን ፍሬ አይመረምርም፤ ዘርግቶ ያያል፣ እንግዳው ራሱ ጎልቶ ይወጣል። ፔሌትም በነጭ ጨርቅ ላይ 50 ያህል እየተዘረጋ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ ይታያል። መጀመሪያ ቀሚሳቸው ወደ ላይ እንዲሆን ማቆም ነው፤ የጠርዙ ክብ የጎበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ክንፍ ያወጣ ይወገድ። በዚያው እንዳሉ በአጉሊ መነጽር ወደ ውስጥ ማየት፤ የግድግዳው ውፍረት በአንድ ወገን ጎልቶ ከታየ መሐሉን የሳተው እሱ ነው። ፀጉር የሚያህለውን ስህተት ዓይን አያይም፤ የዚያን እጥፍ ሦስት እጥፍ የሆነውን ግን ትንሽ ከለመደ ያያል፣ ዒላማን የሚያበላሹት ትልልቆቹ አፈንጋጮችም እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ማዞርና ራሱን ማየት፤ የተጫረ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ያለው፣ የእርሳስ ብናኝ የተጣበቀበት ይለይ።

የጎበጠ ቀሚስ ሁሉ የፋብሪካ ጥፋት አይደለም። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር በባጃጅ ላይ ግማሽ ሰዓት የተንቀጠቀጠ ቆርቆሮ ውስጡ 275 ግራም እርሳስ እርስ በርሱ ሲደባደብ ነው የሚደርሰው። ከቤት ሲወጣ ደህና የነበረው ሜዳ ላይ ሲከፈት የተጣመመ ይገኛል፤ የቆርቆሮው ታች ጥቁር ብናኝ ካለውም ምልክቱ ይኸው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ክዳኑ ሥር እንዳይንቀሳቀሱ የሚጫን ስፖንጅ ቆርጦ ማስገባት፣ ወይም የተለቀሙትን 50 50 አድርጎ በጥጥ በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ መያዝ። ሲያጎርሱም ቀሚሱን በጥፍር አለመግፋት፤ በአውራ ጣት ለስላሳ ክፍል እስኪገጥም ድረስ ቀጥ አድርጎ መጫን ይበቃል።

ማጠብ ያከራክራል። እኔ ብናኝ ያለበትን ቆርቆሮ ይታጠብ እላለሁ፣ ንጹሑን ተዉት። ለብ ባለ ውኃ ላይ ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ፔሌቶቹ በሻይ ማጥለያ ተደርገው ቀስ ብሎ ማወዛወዝ፣ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ በጨርቅ ላይ አንድ ቀን ማድረቅ። ማጥለያው ከዚያ በኋላ ወደ ኩሽና አይመለስም። በስፕሪንግ የሚሠራ ጠመንጃ ያለው ሰው የሞተር ዘይትም ሆነ የምግብ ዘይት አይቀባባቸው፤ ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቀው የሚፈጠረው ሙቀት ዘይቱን ያቀጣጥለዋል፣ የእያንዳንዱ ጥይት ፍጥነትም እንደተቃጠለው ዘይት መጠን ይዘልላል።

ሁለተኛው መልቀሚያ መስታወት ነው፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ከመስታወት ቆራጭ ዘንድ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ማስቆረጥ፣ ጠርዙን ማስሞረድ። በአንድ ወገን ሥሩ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ገብቶ በትንሹ ይዘቅዝቅ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ግን ፍጹም ልክ ይሁን፤ ይህ በግንበኛ ውኃ ልክ ይረጋገጣል። ከመስታወቱ ሥር ሚሊ ሜትር ወረቀት ይነጠፍ። ፔሌቱን በላይኛው መስመር ላይ በጎኑ አስተኝቶ፣ ራሱ ወደ ግራ እንዲያይ አድርጎ ሳይገፉ መልቀቅ ነው።

ራሱ ከቀሚሱ ስለሚጠብ ፔሌት ቀጥ ብሎ አይንከባለልም፤ ወደ ራሱ በኩል እየታጠፈ ቅስት ይሠራል። የቅስቱ ስፋት በራሱና በቀሚሱ ልዩነት ይወሰናል። ራሱ 4.50፣ ቀሚሱ 4.80፣ መስታወቱን የሚነኩባቸው ሁለት ቦታዎች በ5 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ከሆኑ፣ ራሱ የሚሠራው ቅስት ከመሐሉ እስከ ዳር 75 ሚሊ ሜትር ነው። ራሱ 4.49 ቢሆን ቅስቱ ወደ 72 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ገደማ ይጠብባል። ካሊፐር በሚባለው ባለ ጥርስ መለኪያ ለመያዝ የሚያስቸግረው 0.01 ሚሊ ሜትር በመስታወቱ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ሆኖ ይታያል። ፔሌቱ ቅስቱን ይዞ ወርዶ እጅግ ዝቅ ያለበትን መስመር ማንበብ፣ በመስመሩ ቁጥር መሠረት በየሳጥኑ መክተት ነው። የጎበጠው ወይም ክብነቱን ያጣው ደግሞ ገና ከመነሻው እያነከሰ ነው የሚንከባለለው፤ ለዓይን ያመለጠ ጉብጠት እዚህ ይያዛል። መስታወቱ የሚያወዳድረው ራስን ከቀሚስ ጋር ስለሆነ አንዱን ለብቻው አይለካም፤ ሁለቱም እኩል ከሰፉ ቅስቱ ብዙም አይለወጥም። አቧራ ደግሞ ጠላቱ ነው። በበጋ በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ በኩል መስኮት ከፍቶ ይህን መሥራት አይቻልም፤ በየ20ው ፍሬ መስታወቱን መወልወል ያስፈልጋል።

የራስን ስፋት በካሊፐር ለክቶ መለየት የሚፈልጉ አሉ። ተራ ካሊፐር በራሱ በ0.02 ሚሊ ሜትር ይስታል፤ በዚያ ላይ ጥርሱ ለስላሳውን እርሳስ ይጨፈልቀዋል። በልክ የተሰረሰሩ ቀዳዳዎች ያሉት ሰሌዳ ይሻላል፤ የፔሌቱ ራስ በክብደቱ ብቻ የሚገባበት የመጨረሻው ትንሽ ቀዳዳ ልኩ ነው። ቢሆንም ብዙ ጥሩ ቱቦዎች ወደ አፈሙዙ ሲጠጉ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር እንዲጠብቡ ተደርገው ይሠራሉ፤ ያ ጥበት ትልቁንም ትንሹንም አጥብቆ ወደ አንድ ልክ ስለሚያመጣቸው የራስ ልዩነት ከሚፈራው ያነሰ ጉዳት ያደርሳል። በቆርቆሮው ላይ 4.51 ወይም 4.52 ተብሎ የታተመው ቁጥር ለጠመንጃው የሚስማማውን ለመምረጥ ይጠቅማል፤ በውስጡ ያሉት ሁሉ ያንን ልክ ናቸው ማለት ግን አይደለም።

ሚዛን ሦስተኛ ይመጣል። 0.01 ግራም ብቻ የሚያሳይ የወርቅ ሚዛን ለዚህ ሥራ አይረባም፤ 0.01 ግራም የ0.55 ግራም 1.8 በመቶ ነው፣ ከላይ ካየነው የ0.007 ግራም ልዩነት እንኳ ይበልጣል። 0.001 የሚያሳይ፣ የነፋስ መከለያ ክዳን ያለውና በባትሪ የሚሠራ ይሁን፤ መብራት በመሐል ሲጠፋ ልኩን ከሚስት ያ ይሻላል። ከመጀመር በፊት 15 ደቂቃ ከፍቶ ማቆየት፣ በየ25ቱ ፍሬ በሚታወቅ ክብደት ማረጋገጥ። በየ0.005 ግራሙ ረድፍ ተሠርቶ ስንት ስንት ፍሬ እንደወደቀ ይጻፍ። የሚዛን እውነተኛ ጥቅሙ የሚገለጠው እዚህ ወረቀት ላይ ነው። ብዙው በመሐል ተከማችቶ ወደ ዳር እየሳሳ ከሄደ ምርቱ ከአንድ ምንጭ ነው። ሁለት ጉብታ ከታየ፣ ለምሳሌ አንዱ በ0.545 ሌላው በ0.560 ዙሪያ፣ የሁለት ዳይ ልጆች ተቀላቅለዋል ማለት ነው፤ ያኔ ሁለቱን ለይቶ እንደ ሁለት ቆርቆሮ መያዝ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል፤ ክብደታቸው ብቻ ሳይሆን ቅርጻቸውም ስለሚለያይ።

ስለ አየሩ አንድ ነገር ልበል፣ በውጭ አገር የተጻፈ የአወራረድ ሠንጠረዥ ይዘው የሚቸገሩ ስላሉ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠለል አየር አራት አምስተኛውን ያህል ብቻ ነው የሚከብደው። ወደ እንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ፔሌት በስስ አየር ውስጥ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፣ ነፋስም ትንሽ ያነሰ ይገፋዋል። በስፕሪንግ የሚሠራው ጠመንጃ ግን የሚጨምቀው አየር ራሱ ስስ ስለሆነ ከአፈሙዙ ሲወጣ ኃይሉ በመጠኑ ይቀንሳል። አየር አስቀድሞ በሚሞላው ጠመንጃ ላይ ይህ እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ ሠንጠረዡን ትቶ በ10፣ በ20፣ በ30 ሜትር እየተኮሱ የራስን መጻፍ ነው። ከላይ ያሰላነው የወንጭፍ ጉዳይ ግን ከአየሩ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሐዋሳም ሆነ ሱሉልታ ያው 0.28 ሚሊ ሜትር በሜትር ነው።

የተለቀመው በእርግጥ መሻሉን የሚፈርደው ወረቀት ነው፣ ያም በትክክል ከተተኮሰ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ውስጥ ይሁን፤ ረፋዱ ላይ ነፋሱ ይነሳል፣ በባህር ዛፍ ተከላ ዳር ደግሞ ይሽከረከራል። 25 ሜትር በሜትር ይለካ፣ በእርምጃ አይሁን። በ10 እና በ20 ሜትር ላይ ስስ የፌስታል ቁራጭ በችካል ይንጠልጠል፤ ሁለቱም ሳይነቃነቁ ሲቀሩ ብቻ ይተኮስ። የፔሌቱ ዓይነት ከተቀየረ ቱቦው አዲሱን እርሳስ እስኪላመድ ድረስ የመጀመሪያዎቹ 20 ጥይቶች አይቆጠሩም።

ከዚያ ሦስት ክምር ይዘጋጅ፤ የተለቀመው፣ ያልተለቀመው፣ የተወገደው። አዎ፣ የተወገደውም ይተኮሳል፤ ውድቅ የተደረገው በእርግጥ መጥፎ መሆኑ ካልታየ መልቀሙ ዋጋ ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። አምስት ከአንዱ፣ አምስት ከሌላው፣ አምስት ከሦስተኛው፣ እያፈራረቁ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ወረቀት እስኪሞላ፤ 75 ጥይት ይሆናል። ማፈራረቁ ብርሃኑ ሲቀየር፣ ዓይን ሲደክም ወይም የአየር ግፊቱ ሲወርድ ጉዳቱ ለሦስቱም እኩል እንዲደርስ ነው። በየወረቀቱ በጣም ከተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች ከውጭ ጫፍ እስከ ውጭ ጫፍ ለክቶ 4.5 መቀነስ፣ የአምስቱን አማካይ መውሰድ። በአንድ ወረቀት መፍረድ ስህተት ነው፤ ምንም ሳይለወጥ በተተኮሱ ሁለት ወረቀቶች ላይ አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊሰፋ ይችላል። ሦስት ጥይት ተኩሶ አንድ ቀዳዳ አገኘሁ የሚል ምስክርነት ከቁጥር አይገባም። የተለቀመውና የተወገደው አማካይ ከተቀራረበ ቆርቆሮው ከመጀመሪያው ጥሩ ነበር፤ ያንን ምርት መልቀም ማቆም ነው። የተወገደው ጎልቶ ከተበተነ የቆርቆሮው የምርት ተራ ቁጥር ይጻፍ፤ ከየትኛው መልቀሚያ እንደወደቁም፣ ከዓይን፣ ከመስታወት ወይስ ከሚዛን። ለቀጣዩ ቆርቆሮ የትኛውን መልቀሚያ መተው እንደሚቻል የሚነግረው ያ ማስታወሻ ነው።

የሚቀረው የእርሳሱ ነገር ነው፣ ችላ የሚባለውም እሱ ነው። እርሳስ መርዝ ነው፣ በልጆች ላይ ደግሞ ይከፋል፤ እኛ ደግሞ የምንበላው በእጃችን ነው። ፔሌት ሲለቅም የቆየ ጣት እጥፋቱ ውስጥ ግራጫ ብናኝ ይዟል፤ በሳሙና በደንብ ሳይታጠብ እንጀራ መቁረስ የለበትም። ጨርቁና መስታወቱ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡ፤ የሚለቀምበትም ክፍል በደረቁ አይጠረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ሜዳ ላይ ደግሞ ዒላማው ከድንጋይ ወይም ከብረት ፊት አይደረግ፣ እርሳሱ ይመለሳል። አሮጌ ጨርቅ ተጠቅጥቆ የተሞላበት፣ ጀርባው ወፍራም ሳንቃ የሆነ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ሳጥን፣ ከኋላው የአፈር ቁልል። ሳጥኑ ከተኩሱ በፊትና በኋላ ይመዘን። አንድ ቆርቆሮ ተተኩሶ ሳጥኑ የጨመረው 250 ግራም ብቻ ከሆነ፣ 45 የሚያህሉ ፍሬዎች ከብቶቹ በሚግጡበት ሣር ውስጥ ቀርተዋል ማለት ነው፤ ከመሄድ በፊት ጎንበስ ብሎ እነሱን መልቀም ነው።